ክፍት ምንጭ ወይስ የገበያ ሶፍትዌር? ምርጫው ከሰነዱ ይጀምራል

በበርካታ መስሪያ ቤቶች የሚታወቅ አንድ ችግር አለ። በ1990ዎቹ በኮምፒውተር የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ ወይም የጥናት ሰነድ ዛሬ ሲከፈት በአማርኛ ፊደል ፋንታ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ አልጠፋም፤ አልተበላሸምም። የጠፋው ሰነዱ በተጻፈበት ወቅት በኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ የነበረው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራምና አብሮት የመጣው ፎንት ነው።

መስሪያ ቤቶችም ሆኑ ግለሰቦች በየዕለቱ የሚገለገሉበትን ቴክኖሎጂ ሲመርጡ በአብዛኛው ዋጋን፣ ልምድንና ዝናን ያስቀድማሉ። ይሁንና ከእነዚህ በፊት ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ «አቅራቢው ቢቀየር፣ ዋጋው ቢጨምር ወይም ድጋፉ ቢቋረጥ የራሳችንን ሰነድ ራሳችን መክፈት እንችላለን ወይ?» የሚለው ነው። በክፍት ምንጭና በገበያ ሶፍትዌር መካከል የሚደረገው ንጽጽርም ተጨባጭ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ጥያቄ ሲመዘን ነው።

የሁለቱ ልዩነት

ማንኛውም ሶፍትዌር በባለሙያዎች የሚጻፍ የመመሪያዎች ስብስብ ሲሆን ሰው አንብቦ ሊረዳው የሚችለው የመመሪያው ጽሁፍ ምንጭ ኮድ ይባላል። በተለምዶ በገበያ ላይ የሚቀርቡ ሶፍትዌሮች ምንጭ ኮዳቸው በአምራቹ እጅ ብቻ የሚቆይ ነው። ተጠቃሚው የሚገዛው ፕሮግራሙን በተወሰኑ ሁኔታዎች የመጠቀም ፈቃድ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስና ኦፊስ፣ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት አውቶካድ እንዲሁም በኢትዮጵያ የሂሳብ ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው ፒችትሪ በዚህ ጎራ የሚመደቡ ናቸው።

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በአንጻሩ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ይፋ የሆነ ሲሆን ማንኛውም ሰው ፕሮግራሙን እንዲጠቀም፣ አሰራሩን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽልና ለሌሎች እንዲያሰራጭ የሚፈቅድ ፈቃድ ይዞ የሚወጣ ነው። የሊኑክስ ስርዓተ ክወና፣ የጽሁፍና የስሌት ስራ የሚሰራበት ሊብሬ ኦፊስ፣ የኢንተርኔት ማሰሻው ፋየርፎክስና የቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ ለዚህ ተጠቃሽ ናቸው።

የአሰራሩ መነሻ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ በ1983 ይፋ ያደረገው ግኑ የተሰኘ ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ በ1991 በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን እምብርት ለሕዝብ አቀረበ። «ክፍት ምንጭ» የሚለው ስያሜ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1998 ስራ ላይ ውሏል።

ሁለቱ ጎራዎች በዕለት ተዕለት ሕይወት ፈጽሞ የተለያዩ እንዳልሆኑም መገንዘብ ያስፈልጋል። የአንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሊኑክስን እምብርት በኪሱ ይዞ ይጓዛል። የጎግል ክሮም ማሰሻ ክሮሚየም በተባለ የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ላይ የተገነባ ሲሆን ዊኪፔዲያም የሚሰራው ሚዲያዊኪ በተሰኘ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚሰራበት ቴሌግራም በስልክ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ኮድ ይፋ ሲሆን መልዕክቶች የሚያልፉበት የሰርቨሩ ኮድ ግን ዝግ ነው። ስለሆነም አንድን አገልግሎት «ክፍት ነው» ወይም «ዝግ ነው» ብሎ ከመፈረጅ በፊት የትኛው ክፍሉ ክፍት እንደሆነ መለየት ይገባል።

የአማርኛ ፊደል ያስተማረው ትምህርት

ከላይ የተጠቀሰው የአማርኛ ሰነዶች ችግር የመነጨው ከአንድ ኩባንያ ጥፋት አይደለም። 33ቱ ዋና ፊደላት በ7 ረድፍ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ዲቃላ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል። በወቅቱ ይሰራባቸው የነበሩ ፎንቶች ደግሞ ከ256 የማይበልጡ ቦታዎች የነበሯቸው ሲሆን ከእነዚህም መካከል የተወሰኑት ለኮምፒውተሩ የውስጥ ስራ የተያዙ ነበሩ።

በመሆኑም እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የአማርኛን ፊደላት የላቲን ፊደላት በነበሩበት ቦታ ላይ በየራሳቸው ስርዓት አስቀመጡ። አንዳንድ አዘጋጆችም ፊደሉን በሁለት ፎንቶች ከፋፍለው አቅርበዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች አማርኛ በኮምፒውተር እንዲጻፍ በማስቻል ትልቅ አገልግሎት መስጠታቸው አይካድም። ሆኖም በአንደኛው የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጽሁፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በጽሁፉ ውስጥ አንድን ስም መፈለግ ወይም ዝርዝርን በፊደል ተራ ማስቀመጥም አስቸጋሪ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በጋራ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ በመስከረም 1999 ይፋ የሆነው የዩኒኮድ ቅጂ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተ ሲሆን ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ አንድ ቋሚ ቁጥር ሰጠው። ዩኒኮድ ዝርዝሩ ለሁሉም ይፋ የሆነ ደረጃ በመሆኑ ማንኛውም አምራች ያለ ማንም ፈቃድ ሊጠቀምበት ይችላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ኒያላ የተባለ ፎንት አካቷል። በክፍት ፈቃድ የሚሰራጩት አቢሲኒካ ኤስአይኤልና የጎግል ኖቶ ፎንቶችም ያንኑ ደረጃ ይከተላሉ። በዚህም ምክንያት ዛሬ በዊንዶውስ ላይ በዩኒኮድ የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ በሊኑክስም፣ በአንድሮይድ ስልክም ላይ ይነበባል።

ከዚህ ተሞክሮ ሁለት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛው፣ ሰነድን ከጊዜ ብዛት የሚጠብቀው የሶፍትዌሩ ዝና ሳይሆን ሰነዱ የተጻፈበት ደረጃ ለሁሉም ይፋ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የጋራ ደረጃ ካለ የክፍት ምንጭና የገበያ ሶፍትዌር ጎን ለጎን ሊሰሩ የሚችሉ መሆኑ ነው።

የፋይል ቅርጸትም እንዲሁ

በፊደል ላይ የታየው ነገር በፋይል ቅርጸት ላይም ተደግሟል። ለረጅም ዓመታት የቢሮ ሰነዶች የሚቀመጡበት ቅርጸት ዝርዝር በአምራቹ እጅ የነበረ በመሆኑ ሌሎች ፕሮግራሞች ፋይሉን በትክክል መክፈት ይቸገሩ ነበር። እ.ኤ.አ በ2005 የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት አስተዳደር ሰነዶቹን ኦዲኤፍ በተባለው ክፍት ቅርጸት ለማስቀመጥ መወሰኑ በመንግስታት ዘንድ ሰፊ ክርክር አስነስቷል። ኦዲኤፍ እ.ኤ.አ በ2006 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። የማይክሮሶፍት ኦፊስ አዲሱ ቅርጸትም እ.ኤ.አ በ2008 ተመሳሳይ እውቅና አግኝቷል። ማሳቹሴትስም ሁለቱንም ለመቀበል ተስማምታለች። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጡ፣ ከእንግዲህ የማይታረሙ ሰነዶችን በሚመለከት ደግሞ ፒዲኤፍ-ኤ የተባለው የማህደር ቅርጸት እ.ኤ.አ ከ2005 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ይሰራበታል። ይህ ቅርጸት ፎንቱን በፋይሉ ውስጥ አካቶ የሚይዝ በመሆኑ ሰነዱ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይም ይነበባል።

«ነጻ» የሚለው ቃልና እውነተኛው ወጪ

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የፈቃድ ክፍያ የማይጠይቁ በመሆናቸው «በነጻ የሚገኙ» ተብለው ይታወቃሉ። ይህ አባባል ከፊሉን እውነት ብቻ የሚገልጽ ነው። የፈቃድ ክፍያ ቢቀርም የተከላ፣ የስልጠና፣ የጥገና፣ ነባር ፋይሎችን የመለወጥና ባለሙያ የመቅጠር ወጪ አይቀርም። የሰራተኛው የመላመጃ ጊዜም በወጪነት ሊታሰብ ይገባል።

በገበያ ሶፍትዌር በኩልም የመጀመሪያው ዋጋ የወጪው ሁሉ መጨረሻ አይደለም። ብዙ አምራቾች በአንድ ጊዜ ሽያጭ ፋንታ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ እየጠየቁ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም ከሆነ ደግሞ የምንዛሪ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር በብር የተያዘው በጀት ይናጋል። የድጋፍ ዘመን ማብቃትም ሌላው ወጪ ነው። ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 8 ቀን 2014፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በርካታ ነባር ኮምፒውተሮች የማያሟሏቸውን መስፈርቶች የሚጠይቅ በመሆኑ ብዙ መስሪያ ቤቶች በደህና የሚሰራ መሳሪያ ይዘው ሳለ አዲስ የመግዛት ጥያቄ ተደቅኖባቸዋል።

በተግባር ግን በብዙ ቢሮዎችና ቤቶች የሚታየው ምርጫ ሶስተኛ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ የገበያ ሶፍትዌር መጠቀም። ይህ አሰራር ዋጋ የማያስከፍል ቢመስልም ጉዳቱ ከሁለቱም የከፋ ነው። በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው ስራ በመሆኑ ድርጊቱ በሕግ ያስጠይቃል። ከዚህም ሌላ የፈቃድ ቁልፍን ለመስበር የሚጫኑ ፕሮግራሞች ቫይረስ ይዘው የመምጣት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው። በዚህ መንገድ የተጫኑ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ የደህንነት ማሻሻያ እንዳይቀበሉ ስለሚደረግም ለጥቃት ተጋልጠው ይቆያሉ። ፈቃድ ለመግዛት አቅም ለሌለው ተጠቃሚ ክፍት ምንጭ ሕጋዊ አማራጭ ሆኖ የሚቀርበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሌሎች አገራት የተገኘ ተሞክሮ

በጀርመን የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት የአስተዳደሩን ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለማዛወር እ.ኤ.አ በ2003 በመርህ ደረጃ ወሰነ። ሊሙክስ የሚል ስያሜ የተሰጠው ይኸው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ በ2013 ሲጠናቀቅ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ተዛውረው ነበር። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለከተማዋ የቀረበ የአማካሪ ጥናት ለችግሮቹ ከሊኑክስ ይልቅ የአስተዳደሩ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አደረጃጀት መበታተን ዋነኛ ምክንያት መሆኑን አመልክቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ2020 ስልጣን የያዘው የከተማዋ ጥምር አስተዳደር ደግሞ በተቻለ መጠን ለክፍት ምንጭና ለክፍት ደረጃዎች ቅድሚያ ለመስጠት ተስማምቷል።

የፈረንሳይ ጀንዳርመሪ የተከተለው መንገድ የተለየ ነበር። ተቋሙ በቅድሚያ እ.ኤ.አ በ2005 ገደማ የቢሮ ፕሮግራሞቹን ወደ ኦፕን ኦፊስ ለወጠ። ቀጥሎም የኢንተርኔት ማሰሻውንና የኢሜይል ፕሮግራሙን ቀየረ። ሰራተኞቹ ከእነዚህ ጋር ከተለማመዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ ከ2008 ጀምሮ ስርዓተ ክወናውን ራሱን ወደ ኡቡንቱ አዛወረ። በዚህ ደረጃ በደረጃ በተካሄደ ሽግግር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ተዛውረዋል። አሰራሩም እስካሁን ዘልቋል።

በሰሜን ጀርመን የምትገኘው የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክፍለ ግዛትም እ.ኤ.አ በ2024 ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ የመንግስት ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብሬ ኦፊስ፣ በሂደትም ወደ ሊኑክስ እንደምታዛውር አስታውቃለች። እ.ኤ.አ በ2025 ደግሞ የሰራተኞቿን የኢሜይል አገልግሎት ወደ ክፍት ምንጭ አዛውራ አጠናቃለች። ክፍለ ግዛቷ ለውሳኔዋ ካቀረበቻቸው ምክንያቶች ዋነኛው በመንግስት መረጃ ላይ የራስን የማዘዝ መብት ማረጋገጥ የሚል ነው።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ለውጤት ወሳኝ የሆነው የሽግግሩ አመራር መሆኑን መረዳት ይቻላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ያለ ዝግጅትና ያለ ስልጠና የተጀመረ ለውጥ ወደየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን ወደኋላ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ደህንነትን በተመለከተ

«ኮዱ ለሁሉም ይፋ ከሆነ ለጥቃት አይጋለጥም ወይ?» የሚለው ጥያቄ በኃላፊዎች ዘንድ በተደጋጋሚ ይነሳል። በሌላ ወገን ደግሞ «ብዙ ዓይን ስለሚያየው የተሻለ ደህንነት አለው» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ያለፉት ዓመታት ክስተቶች ሁለቱም አስተያየቶች ብቻቸውን በቂ እንዳልሆኑ ያሳያሉ።

እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2014 የበርካታ ድረ-ገጾች ምስጢር መጠበቂያ በሆነው ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ውስጥ «ሃርትብሊድ» የሚል ስያሜ የተሰጠው ክፍተት ይፋ ሆነ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ሳለ ክፍተቱ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይታይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በመጋቢት 2024 ደግሞ ኤክስዚ በተባለ አነስተኛ የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጥቃት መግቢያ ተገኘ። ድርጊቱን የፈጸመው አካል የፕሮግራሙን ጠባቂዎች አመኔታ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ወስዷል። ይሁንና የጥቃት መግቢያው በስፋት ከመሰራጨቱ በፊት የተደረሰበት፣ አንድ ባለሙያ የኮምፒውተሩን መዘግየት አስተውሎ ኮዱን መመርመር በመቻሉ ነው።

በገበያ ሶፍትዌር በኩል እ.ኤ.አ በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በበርካታ አገራት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል። የብሪታኒያ የሕክምና ተቋማትም ስራቸው ተስተጓጉሏል። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚዘጋ ማሻሻያ ከሁለት ወራት በፊት አውጥቶ የነበረ በመሆኑ ጉዳቱ በዋናነት የደረሰው ማሻሻያውን ባልጫኑት ላይ ነው። እ.ኤ.አ ሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ያሰራጨው ስህተት ያለበት ማሻሻያ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከስራ ውጭ አድርጓል። በዕለቱ የአየር መንገዶች፣ የባንኮችና የሆስፒታሎች ስራ በበርካታ አገራት ተስተጓጉሏል።

ስለዚህ ደህንነት በመጀመሪያ ደረጃ የሚወሰነው ማሻሻያ በወቅቱ በመጫኑ፣ መጠባበቂያ ቅጂ በመያዙና ኃላፊነት የተሰጠው ባለሙያ በመኖሩ ነው። ማሻሻያ የማይደረግለት ሊኑክስ ማሻሻያ ከማይደረግለት ዊንዶውስ የተሻለ ዋስትና አይሰጥም።

በኢትዮጵያ ስራ ላይ የዋሉ የክፍት ምንጭ ስርዓቶች

የክፍት ምንጭ ቴክኖሎጂ በኢትዮጵያ መንግስታዊ አገልግሎት ውስጥ አዲስ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሰረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ የክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው። ሞሲፕ በሕንድ የባንጋሎር ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ በ2018 የተጀመረ ሲሆን ፊሊፒንስና ሞሮኮም ለመታወቂያ ፕሮግራሞቻቸው ተጠቅመውበታል። በጤናው ዘርፍ የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጅ የክፍት ምንጭ ስርዓት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጥናቶች በኢንተርኔት የሚያቀርብበት ማህደርም ዲስፔስ በተባለ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሰራ ነው።

በእነዚህ ስራዎች ላይ ክፍት ምንጭ መመረጡ ወጪ የለም ማለት አይደለም። ሰርቨር፣ የመረብ ዝርጋታ፣ የምዝገባ መሳሪያና የሰው ኃይል ከፍተኛ በጀት ይጠይቃሉ። የሚገኘው ጥቅም ስርዓቱን እንደ አገሪቱ ሕግና ቋንቋ የማስተካከል መብት መኖሩና የዜጎች መረጃ በአንድ የውጭ አቅራቢ ፈቃድ ላይ ጥገኛ አለመሆኑ ነው። ይህ መብት በተግባር የሚውለው ግን ኮዱን የሚረዳና የሚያስተካክል የአገር ውስጥ ባለሙያ ሲኖር ነው። ባለሙያው ከሌለ ጥገኝነቱ ከሶፍትዌር አምራቹ ወደ አማካሪው ይዛወራል እንጂ አይቀርም።

በዕለት ተዕለት ስራ እንዴት ይመረጥ?

ለአንድ መስሪያ ቤት ወይም ለአንድ ግለሰብ «ሁሉንም ክፍት ምንጭ» ወይም «ሁሉንም የገበያ» የሚል ውሳኔ አስፈላጊ አይደለም። ምርጫው እንደ ስራው ዓይነት ሊለያይ ይችላል።

ለደብዳቤ፣ ለቃለ ጉባኤ፣ ለቀላል ስሌትና ለገለጻ ሊብሬ ኦፊስ በቂ አገልግሎት ይሰጣል። ፕሮግራሙ በዊንዶውስም ላይ የሚጫን በመሆኑ ስርዓተ ክወና ሳይቀየር መሞከር ይቻላል። የሊብሬ ኦፊስ አመጣጥም ለዚህ ጽሁፍ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ነው። ቀዳሚው ኦፕን ኦፊስ ባለቤት የነበረው ሳን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ በ2010 በኦራክል ሲጠቃለል፣ አዘጋጆቹ ክፍት የነበረውን ኮድ ይዘው በዚያው ዓመት ሊብሬ ኦፊስን መስርተዋል። በዚህም ምክንያት ባለቤቱ ቢቀየርም ስራው አልተቋረጠም።

ማክሮ በተባሉ ውስብስብ ትዕዛዞች የተገነቡ የኤክሴል ሰንጠረዦች ያሉት የፋይናንስ ወይም የዕቅድ ክፍል ግን ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርበታል። እነዚህ ትዕዛዞች በሊብሬ ኦፊስ ላይ ሁልጊዜ በትክክል አይሰሩም። ፒችትሪ የሚጠቀም የሂሳብ ክፍልም ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ለዊንዶውስ በመሆኑ ዊንዶውስን መያዙ ምክንያታዊ ነው። በሌላ በኩል የካርታና የመሬት መረጃ ስራ የሚሰሩ ክፍሎች በገበያ ላይ ካለው አርክጂአይኤስ ጎን ለጎን ኪውጂአይኤስን፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ደግሞ ከኤስፒኤስኤስ ጎን ለጎን አር የተባለውን የክፍት ምንጭ መሳሪያ መመልከት ይችላሉ። አታሚዎች፣ ስካነሮችና የአሻራ መሳሪያዎች ከሊኑክስ ጋር መስማማታቸው ከግዥ በፊት መፈተሽ አለበት።

ለአማርኛ ጽሁፍ የትኛውም ፕሮግራም ቢመረጥ ጽሁፉ በዩኒኮድ መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል። ኪማን የተባለው የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ቀደም ሲል በገንዘብ ይሸጥ የነበረ ሲሆን በኋላ ምንጭ ኮዱ ክፍት ተደርጓል። ፕሮግራሙ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በስልክ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ያስችላል። አንድን ሰነድ ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ጽሁፉን ቀድቶ ወደ ስልክ መልዕክት ወይም ወደ ኢሜይል በመለጠፍ ፊደሉ አማርኛ ሆኖ መቆየቱን ማየት በቂ ነው። ወደ ላቲን ፊደል ከተለወጠ ሰነዱ በቀድሞው ስርዓት የተጻፈ በመሆኑ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ሳይወገድ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይኖርበታል።

በግዥ ወቅት ሊጠየቁ የሚገባቸው

በመንግስት ግዥ አሰራር የዕቃ ዝርዝር መግለጫ በንግድ ስም ሳይሆን በሚፈለገው ተግባር ላይ ተመስርቶ መዘጋጀት እንዳለበት ይታወቃል። ይህ መርህ በሶፍትዌር ግዥ ላይም ሊዘነጋ አይገባም። ከውል በፊት የሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ቢያገኙ ለኋላ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ።

1. መረጃው በየትኛው ቅርጸት ይቀመጣል? ቅርጸቱ ዝርዝሩ ለሁሉም ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው ወይ?

2. ውሉ ሲያበቃ መረጃው ሙሉ በሙሉ በምን መልክና በስንት ጊዜ ውስጥ ለመስሪያ ቤቱ ይመለሳል? ወጪውስ የማን ነው?

3. የአምስት ዓመት ጠቅላላ ወጪ፣ ፈቃድን፣ ስልጠናን፣ ጥገናን፣ የመሳሪያ ማሻሻያንና የመውጫ ወጪን ጨምሮ፣ ምን ያህል ነው?

4. የደህንነት ማሻሻያ እስከ መቼ ይሰጣል? ማሻሻያውን በየጊዜው የሚጭነው ማን ነው?

5. ሶፍትዌሩ በአገር ውስጥ ድርጅት በትዕዛዝ የሚሰራ ከሆነ ምንጭ ኮዱ፣ የአሰራር ሰነዱና የማስተካከል መብቱ ለመስሪያ ቤቱ እንደሚተላለፍ በውሉ ላይ በግልጽ ሰፍሯል ወይ?

በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ጥገኝነት የሚፈጠረው ከትላልቅ የውጭ ኩባንያዎች ጋር ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ነገር ግን ኮዱን ይዞ የተበተነ አንድ አነስተኛ የአገር ውስጥ ድርጅት ወይም ስራ የለቀቀ አንድ ባለሙያ ተመሳሳይ ችግር ሊያስከትል ይችላል። የክፍት ምንጭ ፈቃድን በተመለከተ ደግሞ መስሪያ ቤቱ ሶፍትዌሩን ለራሱ ጥቅም አሻሽሎ ሲሰራበት ኮዱን ለሌሎች የማካፈል ግዴታ የሚያመጣበት ሁኔታ ጥቂት ነው። የተሻሻለውን ፕሮግራም ለሌሎች ሲያሰራጭ ግን ጂፒኤልን የመሳሰሉ ፈቃዶች ኮዱንም አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳሉ። ክፍት መሆን ያለበት የፕሮግራሙ ኮድ መሆኑንና ይህም በውስጡ የተከማቸውን መረጃ ይፋ ማድረግ ማለት እንዳልሆነ መለየትም ያስፈልጋል። የዜጎች የግል መረጃ በየትኛውም ሶፍትዌር ቢያዝ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሰረት ሊጠበቅ የሚገባው ነው።

ለውጥ ለማድረግ የሚወስን መስሪያ ቤት ከፈረንሳዩ ጀንዳርመሪ ተሞክሮ በመነሳት በቅድሚያ የፋይል ቅርጸቱን፣ ቀጥሎ ፕሮግራሞቹን፣ በመጨረሻም ስርዓተ ክወናውን ቢቀይር የተሻለ ውጤት ያገኛል። በአንድ አነስተኛ ክፍል ጀምሮ ችግሮችን መለየት፣ ለጸሐፊዎችና ለመዝገብ ቤት ሰራተኞች ቅድሚያ ስልጠና መስጠት፣ እንዲሁም ነባሩን ስርዓት ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ማቆየት ስራ እንዳይስተጓጎል ይረዳል። በገበያ ሶፍትዌር ለመቀጠል የሚወስን መስሪያ ቤት ደግሞ ሕጋዊ ፈቃድ መያዝ፣ ማሻሻያውን በወቅቱ መጫንና ሰነዶቹን በክፍት ደረጃ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል።

በአንድ መስሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ከጻፈው ሰራተኛም፣ ከተጻፈበት ኮምፒውተርም በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። የአንድ ባለጉዳይ የመሬት ይዞታ፣ የጡረታ መብት ወይም የፍርድ ቤት ክርክር ከ20 ዓመት በኋላ በዚያ ደብዳቤ ላይ ሊመሰረት ይችላል። በመሆኑም የሶፍትዌር ምርጫ ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን ሰነዱን የሚፈርመው ኃላፊም ሊጠይቅበት የሚገባ ነው።